ስም ሲጠራ «አለሁ» ማለት፦ ስለ ደሴ ቅሬ፣ ለአዲስ ገቢና ለቅሬ ዳኛ

ደሴ መጥቶ ቤት የያዘ ሰው ከጎረቤት ሁለት ጥያቄ አያመልጠውም። አንዱ «አገርህ ወዴት ነው?» ነው፣ ሌላው «ቅሬ ገባህ?»። የመጀመሪያውን እንደፈለገ ቢመልስ የሚያጠብቅበት የለም። ሁለተኛውን ግን «ገና ነኝ» እያለ ስድስት ወር ከከረመ ሰው ይታዘበዋል። በሌላው አገር እድር የሚባለውን ነው ወሎ ቅሬ የሚለው። እዚህ አንድ መዝገብ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተራ በተራ ይሰፍራል። መቃብር ሲቆፈር፣ ቃሬዛ ሲነሳ፣ ድንኳን ሲጣል ተረኛው የሟቹን ሃይማኖት አይጠይቅም።

ከዚህ በታች ያለው ምክር መዝገብ በመያዝ፣ ስም በመጥራትና ቅጣት በመሰብሰብ የተገኘ ነው። ለሁለት ዓይነት ሰው ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ፦ ቅሬ ሊገባ ላሰበ አዲስ ሰው፣ እና በቅሬ ዳኝነት ወይም በጸሐፊነት ለተመረጠ። ሁለቱም የሚቸገሩት በአንድ ነገር ነው። ቅሬ ሰውን ይገራል፤ ግን በምን ይገራዋል? በይሉኝታ ነው ወይስ በኅሊና?

ይሉኝታ «ሰው ምን ይለኛል» ነው። ከጦሳ ተራራ ግርጌ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ሌሊት ጡሩምባ ሲነፋ ከአልጋ የሚያስወርደው እሱ ነው፤ ስለዚህ አልንቀውም። ኅሊና ደግሞ ማንም ሳያይ የመቃብሩን ግድግዳ አስተካክሎ የሚያስቆፍረው ነው። ደንቡ በይሉኝታ ብቻ የቆመ ቅሬ ሰዉን ቀብር ላይ ያቆመዋል፣ አካፋ ግን አያስይዘውም። ለኅሊና ቦታ የማይተው ቅሬ ደግሞ አንድ ቀን ተሰብስቦ ክፉ ነገር ይወስናል።

መጀመሪያ አገባቡን እንይ። ተከራይ ሰው ሁለት ነገር ይዞ ይቀርባል፦ የነዋሪነት መታወቂያውን እና አንድ ነባር አባል ዋስ። ዋሱ አብዛኛውን ጊዜ አከራይ ናቸው። አከራይዎ ቅሬ ከሌሉበት ቡና የሚጠራሩበትን ቤት ይፈልጉ፤ አቦል ላይ ያልተዋወቁትን ሰው በረካ ላይ ዋስ ሁነኝ ማለት ይቻላል። በደንብ የሚያስተዋውቁት ሴቶቹ ናቸው። ወንዶቹ ቅሬ ላይ የሚወስኑት ነገር ግማሹ ቀድሞ ቡና ላይ ያለቀ ነው፤ ይህን የማያውቅ አዲስ ገቢ ዳኛውን ሲለማመጥ ይውላል። እትዬ ያሉትን ሰው አንቱ ማለት፣ ስኒ በሁለት እጅ መቀበል፣ ምርቃት ሲሆን «አሚን» ማለት ይበቃል። ብዙ መናገር አያስፈልግም።

ቀጥሎ የቤተሰብ ዝርዝር ይሞላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ራሱን፣ ባለቤቱንና ልጆቹን ይጽፍና ገጠር ያሉትን እናቱንና አባቱን ይዘላል። የባለቤቱን ወላጆችማ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ከዚያ መርዶ ሲመጣ ስማቸው መዝገብ ላይ የለም። የሚከፈል ነገር ስለሌለ ሰውየው ተከፋሁ ይላል፣ ቅሬውም ደንብ ነው ይላል፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። ስለዚህ ሲመዘገቡ የሩቁንም የቅርቡንም ያስጽፉ፤ ርቆ ለሚሞት ቅሬው ምን እንደሚያደርግ (ድንኳን ይጥላል? ሙሉ ነው ግማሽ የሚከፍለው?) በዚያው ቀን ይጠይቁ። ደግሞ ብዙ ቅሬ አዲስ አባል ወዲያው ሙሉ ተከፋይ አያደርግም፤ የመጠበቂያውን ወር ቁጥር ይወቁ።

መግቢያ ገንዘብ ለምን በዛ ብሎ የሚያጉረመርም አለ። ስሌቱን ማወቅ ጥሩ ነው። ቅሬው 120 አባወራና እማወራ አለው እንበል። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ሰፌዱና ካዝናው ተደምሮ 360,000 ብር ያወጣል እንበል። ለ120 ሲካፈል 3,000 ብር ይመጣል፤ አዲሱ ሰው የሚከፍለው ነባሩ ለዓመታት ያጠራቀመውን ድርሻ ነው። በአንድ ጊዜ ክፈል ማለት ግን ተከራዩን ማባረር ነው። በስድስት ወር 500 500 ብር ቢከፍል ቅሬው አይጎዳም። ድንኳኑ ሲያረጅ ግምቱ መውረድ አለበት፤ ያለበለዚያ አዲሱ ሰው ለተቀደደ ሸራ የአዲስ ዋጋ ይከፍላል።

ወርኃዊው መዋጮ ላይ ደግሞ የቅሬ ዳኞች ተመሳሳይ ስህተት ይሠራሉ። በዚያው ምሳሌ 50 ብር ቢዋጣ በወር 6,000፣ በዓመት 72,000 ብር ይገባል። ለአንድ ሐዘን 12,000 ብር ከተወሰነ ስድስት ሞት ዓመቱን ሙሉ ይበላዋል፤ ለሸራ መጠገኛ አንድ ብር አይተርፍም። ስለዚህ ያለፈውን አምስት ዓመት መዝገብ ገልጦ መቁጠር ነው፤ አማካዩን ሳይሆን ክፉውን ዓመት ይያዙ። በሽታ የበረታበትን ወይም ግርግር የነበረበትን ዓመት «ልዩ ነበር» ብሎ የዘለለ ቅሬ በሚቀጥለው ክፉ ዓመት ተበድሮ ይቀብራል። መዝገቡም ሁለት ይሁን፣ በሁለት ቤት ይቀመጥ፣ ገጹ በስልክ ፎቶ ይነሳ። ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙ ቤተሰብ ተበትኗል፤ እንዲህ ያለ ጊዜ አንድ ደብተር አንድ ሳጥን ውስጥ መተው ማለት የ120 ቤት ድርሻ መጣል ነው።

አሁን ወደ ቀብሩ። ጡሩምባ ነፊው አራት ነገር ሳይናገር አይለፍ፦ የሟቹን ስም፣ የማን ቤት እንደሆነ፣ ሰዓቱን፣ የሚቀበሩበትን ቦታ። ሙስሊም ከሆነ ቀብሩ አይዘገይም፤ ጠዋት ያረፈ ሰው ለማታ አይቆይም። ክርስቲያን ከሆነ ብዙ ጊዜ እስከ ቀኑ 6 ወይም 9 ሰዓት ይጠበቃል። አሁን አሁን በስልክ መልእክት ብቻ የሚጠሩ ቅሬዎች አሉ። የሚበላሸው ምንድን ነው? መልእክት የደረሰው ሰው በቀጥታ መቃብር ቦታ ይሄዳል፤ ሐዘን ቤት ቃሬዛ የሚያነሳ ይጠፋል። ስልክ የማይነካኩት አሮጊትና ሽማግሌ ደግሞ ሳይሰሙ ይቀራሉ፣ ቂም ይያዛል። ጡሩምባውም ስልኩም ይኑር፤ መልእክቱ ላይ «ከሐዘን ቤት መነሻ» የሚል ሰዓት ለብቻው ይጻፍ።

ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ነች። ቃሬዛ ሲወጣ ዝቅ የሚለው የኋላው ስለሆነ ረጃጅሞቹ ከኋላ ይግቡ፤ ሲወርድ ይገለበጣል፣ ረጃጅሞቹ ወደ ፊት። ይህን ያልጠበቀ ተሸካሚ አስከሬኑን ወደ አንድ ጫፍ ያንሸራትተዋል፤ ቤተሰብ ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይረሳም። ትከሻ የሚቀይረው ሰው ከጎን ገብቶ እጀታውን ከያዘ በኋላ ብቻ ነው የፊተኛው የሚለቀው። ጀናዛ ሲሆን ይፈጠናል፤ ክርስቲያን ተሸካሚ በዝግታ እያለቀሰ እንዳያዘገይ። የክርስቲያን ሲሆን ካህናቱ ፍትሐት የሚያደርሱበት ማረፊያ አለ፣ በሥርዓቱ እስከ ሰባት ጊዜ ይቆማል፤ ሙስሊም ተሸካሚ «ቶሎ እናድርስ» ብሎ እንዳይቸኩል። የሌላውን ሥርዓት ማወቅ ማመን አይደለም፤ እግር ማስተካከል ነው።

ቁፋሮው ላይ ብዙ የደሴ ሰው ልብ ያላለው ነገር አለ። መካ ከደሴ እምብዛም ሳይዛነፍ በቀጥታ ወደ ሰሜን ነው። ስለዚህ የሙስሊም መቃብር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይቆፈራል፤ ሟቹ በቀኝ ጎኑ ፊቱ ወደ ሰሜን ሲተኛ ራሱ በምሥራቅ ጫፍ ይሆናል። ክርስቲያኑ ደግሞ ሲነሳ ወደ ምሥራቅ እንዲያይ ራሱ በምዕራብ፣ እግሩ በምሥራቅ ነው። ጉድጓዱ አንድ አቅጣጫ ነው፣ ራስጌው ብቻ ይለያያል። የቅሬ ተረኛ ቆፋሪ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ይህን ካወቀ ማንንም ሳይጠይቅ መጀመር ይችላል። ለሙስሊም መቃብር ጎን ጉድጓድ (ለሕድ) የሚወጣለት ከሆነ በሰሜኑ ግድግዳ ሥር ነው የሚወጣው፤ በደቡብ በኩል የተቆፈረ ለሕድ መልሶ መድፈን ያስፈልገዋል፣ የተደፈነ አፈር ደግሞ አይጠብቅም። አፈሩ ልል ከሆነና ግድግዳው የሚናድ ከመሰለ ለሕዱ ቀርቶ መሐል ለመሐል ጠባብ ጉድጓድ ይወጣል፤ ይህን የሚወስኑት ሸሁ እንጂ ቆፋሪው አይደለም። ለማንኛውም ሁለት ዶማ፣ ሁለት አካፋ፣ አንድ መፈልቀቂያ ብረትና ገመድ ከቅሬ ዕቃ ቤት አይጥፋ፤ የደሴ ተዳፋት ከግማሽ ሜትር በታች ብዙ ጊዜ ድንጋይ ነው።

ስም መጥራት የት ይሁን? ይህ ትንሽ ይመስላል፤ የአንድ ቅሬ ጠባይ ግን በዚህ ይታወቃል። ሐዘን ቤት ከተጠራ ሰው ስሙን አስመዝግቦ ይበተናል፣ መቃብር የሚሄደው የቤተሰብ ወገን ብቻ ይሆናል። መቃብር ላይ ከተጠራ ደግሞ ለቅሶ ቤት የቀሩት ሴቶችና ድንኳን ጣዮች እንደ ቀሩ ይቆጠራሉ። የሚበጀው ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ መጥራት ነው፤ ተረኞችን ጸሐፊው ቀድሞ ምልክት ያድርግባቸው። ሲጠራም በቁጥር ሳይሆን በስም ይጠራ። «ቁጥር 47» ሲባል ሰው እጁን ያወጣል፤ ስሙ ሲጠራ ግን «አለሁ» ይላል፣ ጎረቤቱም ይሰማዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ቅጣት ነው፣ ይህ ላይ ቆም ልበል። ብዙ ቅሬ የሚቀር ሰው ሲበዛ ቅጣት ይጨምራል። 20 ብር የነበረው 50፣ 50 የነበረው 100 ይሆናል። ቀሪው ግን አይቀንስም፤ እንዲያውም ይብሳል። በእስራኤል ሃይፋ ከተማ በ10 የሕፃናት ማቆያዎች ይህንኑ የሚመስል ነገር ተሞክሮ ነበር፤ ውጤቱ የታተመው በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2000 ነው። ልጃቸውን ለመውሰድ የሚዘገዩ ወላጆች በስድስቱ ማቆያዎች አነስ ያለ ገንዘብ እንዲቀጡ ተደረገ። የሚዘገየው ሰው ወደ እጥፍ ገደማ ጨመረ። ቅጣቱ ሲነሳም ወደ ነበረበት አልተመለሰም። ምክንያቱ ለቅሬ ጸሐፊ እንግዳ አይደለም፦ ቅጣት ከሌለ የቀረ ሰው ያፍራል፤ ቅጣት ካለ ግን «ከፈልኩ አይደል?» ይላል። ገንዘቡ እፍረቱን ገዛው ማለት ነው። ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ከሚያጣው ቅጣቱ ሲያንስ ሒሳብ ሠርቶ ይቀራል፣ ድሃው ብቻ ቀብር ላይ ይገኛል። ከዚያ ድሃው «ለሀብታም ሬሳ ተሸካሚ ሆንኩ» ማለት ይጀምራል፤ ቅሬ የሚፈርሰው ከዚህ ነው።

የሚሠራው አካሄድ ይኸው ነው። መጀመሪያ ሲቀር ሁለት ሰው ቤቱ ይላክ፤ አንዱ ጎረቤቱ፣ አንዱ የኮሚቴ አባል ይሁን። «አሞህ ነው ወይ ብለን ነው» ብለው ይግቡ እንጂ «ለምን ቀረህ» አይበሉ። ግማሹ በእርግጥ ታሞ ወይም ሰው አስታሞ ይገኛል። ሁለተኛ ሲቀር ቅጣቱ ሥራ ይሁን፦ የሚቀጥለውን ሐዘን ድንኳን መጣልና መንቀል፣ ወይም ወንበር አጥቦ ማስገባት። በሰው አይላክበት፤ ሠራተኛ ልኮ የሚያስነቅል ሰው ቅጣቱን መልሶ ገንዘብ አደረገው። ገንዘብ ሦስተኛው ላይ ይምጣ። ድንኳን ተረኛ የሆነ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል፦ የረጠበ ሸራ ተጠቅልሎ ከገባ በጥቂት ቀን ይሸታል፣ ከርሞ ይበሰብሳል። በክረምት ቢያንስ አንድ ሙሉ ፀሐያማ ቀን ተዘርግቶ ካልደረቀ አይታጠፍ።

አሁን ስለ ኅሊና። አንዱ «ቤተ ክርስቲያን ግቢ አልገባም» ይላል፤ ሌላው «ዱዓ ሲደረግ አልቀመጥም» ይላል፤ ሌላው ደግሞ አዲስ ሃይማኖት ይዞ የተዝካር እህል አልቀምስም ይላል። ድሮ ይህ ጥቂት ነበር፣ አሁን በዝቷል። የቅሬ ዳኛ ሁለት ስህተት ይሠራል፦ ወይ «ወሎ ተዋዶ የሚኖር አገር ነው፣ ግባ!» ብሎ ያስገድዳል፣ ወይ ዝም ብሎ ያልፈውና ሌላው «እኔስ?» ይላል። መፍትሔው ደንቡ ላይ «መገኘት» የሚለውን ቃል በደንብ መፍታት ነው። እስከ ግቢው በር አጅቦ ውጭ የቆመ ተገኝቷል። ሶላተል ጀናዛ ሲሰገድ ከኋላ የቆመ ተገኝቷል። ያልበላም ተገኝቷል። ይህ በጽሑፍ ከሰፈረ ጭቅጭቁ ያልቃል፤ ድሮም አባቶቻችን ያለ ጽሑፍ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት።

ለኅሊናው ሲል እምቢ ያለውን ከሰነፈው እንዴት መለየት ይቻላል? ተመጣጣኝ፣ እንዲያውም ከበድ ያለ ምትክ ሥራ ይስጡት። «ግቢ አትግባ፤ ግን ቁፋሮው ላይ ሁን» ይበሉት። ኅሊናው የከለከለው ሰው ደስ ብሎት ዶማ ያነሳል። ሰነፉ «ስንት ልክፈል?» ይላል። እስካሁን ከዚህ የተሻለ መለያ አላየሁም።

ወጥ ቤት ደግሞ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። የቅሬ ድስት ሥጋ አይይ። ክርስቲያኑ የሙስሊም እርድ፣ ሙስሊሙ የክርስቲያን እርድ ስለማይበላ አንድ ቀን ሥጋ የገባበት ድስት የሌላውን ሆድ ያሻክራል፤ ታጥቧል ቢባልም ጥርጣሬው አይታጠብም። ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች ወጥ በዘይት ቢሠራ ረቡዕም ዓርብም ጾምም ፍስክም ሁሉም ከአንድ ማዕድ ይበላል። ቅቤም አይግባበት። ለሰደቃም ለተዝካርም ሥጋ የሚያስፈልግ ከሆነ ቤተሰቡ ድስትና ቢላ ከዘመድ ያምጣ፣ ማዕዱ ለየብቻ ይሁን፤ ቅሬው ወንበርና ሸራ ብቻ ይስጥ። በረመዳን የቀን ምግብ የሚያበስሉትና የሚቀምሱት ክርስቲያን ሴቶች ይሁኑ፣ ቀን ቁፋሮውንም ክርስቲያን ወንዶች ይያዙት። በዐቢይ ጾም ደግሞ እስከ ከሰዓት የማይቀምሱ ክርስቲያኖች ስላሉ ሙስሊሞቹ ይተኳቸው። ሁለቱ ጾም ሲገጥም ቁፋሮው ሌሊት ለንጋት ይጀመር፤ ተረኛውም በአራት ሰው ፋንታ ስምንት ሆኖ በየተራ ይቆፍር።

ሐዘን ቤት ሲገቡ ምን እንደሚባል የሚጨንቀው አዲስ ሰው ብዙ ነው። ሙስሊም ቤት «አላህ ይዘንለት፣ ሶብሩን ይስጣችሁ»፣ ክርስቲያን ቤት «ነፍስ ይማር፣ እግዜር ያጥናችሁ»። ከተምታታበት «አብሽሩ» ብሎ መቀመጥ ለሁለቱም ይሆናል፣ ወሎ ቤት የሚያስከፋ የለም። ረጅም ንግግርና «ለበጎ ነው» ማለት ግን ይቅር፤ ልጁን የቀበረ ሰው ፊት በጎነቱን አያስረዱ።

ወደ ክፉው ጉዳይ ልምጣ። ቅሬ ትልቁ ዱላው ማግለል ነው። «እሳት አይጫርለት፣ ቡና አይጠራ፣ ቢሞት አይቀበር» የተባለ ሰው ከተማ መሐል ተቀምጦ ብቻውን ይሆናል። ይህን ዱላ ሰዎች ለሌላ ነገር መዋስ ይወዳሉ። «እገሌ በፖለቲካ እንዲህ ነው»፣ «እገሊት ቡዳ ነች»፣ «ልጁ ያላገባት ሴት ቤት ገብቷል»፣ «ሌባውን እናውጣ» እየተባለ ስብሰባ ይጠራል። ድሮ አውጫጭኝ ሌባ እስኪገኝ ሰፈሩን ሁሉ ያስቀምጥ ነበር፤ ቅሬ ግን አውጫጭኝ አይደለም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርንና መሰሎቹን አይመለከትም፤ ስለዚህ የቅሬው መመሪያ የራሱ መተዳደሪያ ደንብ ነው። ደንቡ ላይ «ቅሬው የሚቀጣው በሐዘን፣ በመዋጮና በቅሬ ዕቃ ጉዳይ ብቻ ነው» የሚል አንድ መስመር ካልተጻፈ ዛሬውኑ ይጻፍ። ኋላ ሲጋጋል ለመጻፍ የሚደፍር አይገኝም።

እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ውስጡ እምቢ ያለው ሰው ምን ያድርግ? ብቻውን ተነስቶ መጮህ ጀግንነት ይመስላል፣ ብዙ ጊዜ ግን አይሳካም። ሰለሞን አሽ የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ በአውሮፓውያን 1951 ያሳተመው ሙከራ ነበር፦ ሰውን ከተስማሙ ሰዎች መሐል አስቀምጦ ግልጽ የሆነ የመስመር ርዝመት ያስለካል። ሌሎቹ ሆን ብለው ሲሳሳቱ ከተፈታኙ መልስ ሢሶው ገደማ ከስህተቱ ጋር ሄደ። አንድ ሰው ብቻ ትክክሉን ከተናገረ ግን አብሮ የሚሳሳተው በእጅጉ ቀነሰ። ከዚህ የሚወሰደው ቀላል ነው፦ ከስብሰባው በፊት አንድ ሰው ያግኙ። ሁለት አያስፈልግም። ማታ ቤቱ ሄደው «ይህ ነገር ደንባችን ላይ አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁት፤ ስብሰባ ላይ እርስዎ ያንኑ ሲጠይቁ እሱ «እኔም ልጠይቅ ነበር» ይበል። ያኔ ዝም ያሉት ሌሎችም አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ።

ሲናገሩ «ተሳስታችኋል» አይበሉ። «የትኛው አንቀጽ ነው?» ይበሉ። አንቀጽ ከሌለ «እንግዲያው ለወሩ ስብሰባ ይደር» ይበሉ። አንድ ወር ብዙ ነገር ያበርዳል። ካልሆነ በስውር ድምፅ ይወሰን፤ ለዚህ ወረቀትና ብዕር አያስፈልግም። ለእያንዳንዱ አንድ ባቄላና አንድ ሽምብራ ይታደል፦ ባቄላ «ይውጣ»፣ ሽምብራ «ይቆይ»። ጨርቅ የተሸፈኑ ሁለት ድስቶች ይቀመጡ፣ ሰው የወሰነውን በአንዱ፣ የተረፈውን በሌላው ይጨምር። ሁለቱም ድስት ይቆጠር፤ በ90 ተሰብሳቢ 90 ባቄላና 90 ሽምብራ ካልመጣ እንደገና ይደረግ። እጅ በማውጣት ጊዜ 80 እጅ የታየበት ጉዳይ በባቄላ ሲወሰን ግማሽ ሲሆን ለማየት ይዘጋጁ።

ለዳኛውም አንድ ነገር፦ የመጀመሪያውን ቃል አይናገሩ። በቀድሞው የአገራችን ችሎት ሐሳብ የሚሰጠው ከታናሹ ተጀምሮ ወደ ላይ ነበር፣ ታላቁ መጨረሻ ይናገር ነበር። ዘዴው ግልጽ ነው፤ ታላቁ ቀድሞ ከተናገረ ታናሹ የሚለው ነገር የለውም። ሸሁም መምሬውም መርቀው ከከፈቱ በኋላ ዝም ይበሉ፤ ወጣቱና አዲሱ አባል ይቅደም።

ኮምቦልቻ ላይ ሌላ ችግር አለ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2009 ከተከፈተ ወዲህ ከየገጠሩ የመጡ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ አንድ ክፍል በጋራ ተከራይተው ይኖራሉ። ነባር ቅሬ መግቢያውን ቢከፍሉ እንኳ ፈረቃ ስላለባቸው ቀብር አይደርሱም፣ ቢሞቱ ደግሞ የሚቀበሩት አገራቸው ነው። ለእነሱ የሚበጀው የራሳቸው ትንሽ ማኅበር ነው። 20 ሰው በሳምንት 20 ብር ቢያዋጣ በወር ከ1,600 ብር በላይ፣ በዓመት 20,800 ብር ይሆናል። ዓላማው አንድ ይሁን፦ አስከሬን አገር ማድረሻ መኪናና የሁለት ሸኚ መሳፈሪያ። ይህን ማኅበር የሚገድለው ሥራ የሚለቅ ሰው ገንዘቤን መልሱልኝ ሲል ነው። ስለዚህ መጀመሪያውኑ «የለቀቀ ገንዘብ አይወስድም፣ ለሁለት ወር ግን እንደ አባል ይቆጠራል» ተብሎ ይፈራረሙ። ገንዘቡ በሦስት ሰው ስም ባንክ ይግባ፣ ከሦስቱ ሁለቱ በተለያየ ፈረቃ የሚሠሩ ይሁኑ፤ ሌሊት የሚመጣ መርዶ አንዱን ቢያጣ ሌላውን ያገኛል።

የተገለለ ሰው እንዴት ይመለስ? ደንብ ሲጻፍ መውጫው በሰፊው ይጻፍና መመለሻው ይረሳል። የሚመለስ ሰው በሁለት ሽማግሌ ይምጣ፣ አንዱ እሱ የመረጠው ይሁን። የቀረበትን መዋጮ በስድስት ወር ከፍሎ ይጨርስ። ጉባኤ ፊት ይቅርታ እንዲል አይገደድ፤ «አጥፍቻለሁ» የሚለውን ለሽማግሌዎቹ ተናግሮ ከሆነ ይበቃል፣ ሽማግሌዎቹ ለጉባኤው «ጨርሰናል» ይበሉ። በሚቀጥለው ሐዘን ቃሬዛ ከሚያነሱት አንዱ እሱ ይሁን፤ ሰው ሁሉ እያየው ትከሻው ይግባ። መዝገብ ላይ ደግሞ ከመጨረሻ አዲስ ቁጥር አይሰጠው። ጸሐፊው የተሰረዘውን መስመር ይፈልግ፣ ከጎኑ ቀኑን ጽፎ የድሮ ቁጥሩን ይመልስለት፣ ስም ሲጠራም በነበረበት ቦታ፣ በነበሩት ሁለት ጎረቤቶቹ ስም መሐል ይጥራው።